ቀሚሱ ሲረዝም

ነገሩን መጀመሪያ ያየው ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ልብስ ሰፊ ነው። አክስቴ የዘወትር ቀሚሷን ይዛ ሄዳ «ጫፉን እጠፍልኝ፤ መሬት እየጠረገ አስቸገረኝ» ስትለው፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ቀና ብሎ አያት። «እማማ፣ አምናም አሳጥሬልዎት አልነበር?» አላት። «ጨርቁ ለቆ ይሆናላ ልጄ!» አለች። ጨርቁ አልለቀቀም። ለብሳው ስትቆም ከመቀነቷ በላይ ያለው ተሸብሽቦ ከታች ያለው ወለሉ ላይ ተኝቷል። ያጠረችው እሷ ናት። በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ጣት ያህል።

የአከርካሪ ስብራት አብዛኛው፣ በጥቅሉ ከሦስቱ ሁለቱ፣ ስብራት መሆኑ ሳይታወቅ ያልፋል። ሰው ወድቆ ዳሌው ሲሰበር ጎረቤት ይሰማል፣ ቃሬዛ ይወጣል። የሳሳ አከርካሪ ግን ጀሪካን ሲያነሡ፣ አንዳንዴም ሲያስነጥሱ፣ ድምፅ ሳያሰማ ይደፈጠጣል። ሴትየዋ «ወገቤን ያዘኝ» ብላ ሁለት ሳምንት ትተኛለች። ከዚያ ትነሣለች፤ ቁመቷ ግን አብሯት አይነሣም። መንደሩም «አረጀች፣ ጎበጠች» ብሎ ይዘጋዋል።

እኔ ይህ ጽሑፍ ውስጥ የምሟገተው ከዚህ «አረጀች» ከሚለው ፍርድ ጋር ነው። አክስቴ ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ያጎበጣት ዕድሜዋ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኩዮቿም አብረዋት በጎበጡ። እሷ ላይ የተጨመረው ስድስት ዓመት ሙሉ «ቁርጥማት» እያልን ስንጠራው የኖርነው በሽታና ለሱ ብላ የዋጠችው ክኒን ነው።

«ቁርጥማት» የሚለው ቃላችን ሆዱ ሰፊ ነው። ብርድ የመታውን ትከሻ፣ በዕድሜ ያለቀውን ጉልበት፣ ሪህን፣ ሁሉንም ይይዛል። ከእነዚህ መካከል አንዱ ግን ጠባዩ ሌላ ነው፤ ሐኪሞች ሩማቶይድ አርትራይተስ ይሉታል። በዚህ በሽታ የሰውነት መከላከያ የገዛ መገጣጠሚያውን እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠቃል። ሴቶችን ከወንዶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይበልጥ ይይዛል። የሚታወቀው በጠዋቱ ነው። ያለቀ ጉልበት ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ማታ ያማል፤ ይኼኛው ግን ንጋት ላይ ጣቶችን አስሮ ይይዝና አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ አይፈታም። አክስቴ መጀመሪያ ያቃታት አክንባሎ ማንሣት ነበር። ሊጡ ይፈስሳል፣ ዐይኑ ይወጣል፣ አክንባሎው ይደፋል፤ ሊነሣ ሲል እጇ እምቢ ይላል። እንጀራው ምጣዱ ላይ ሲያር ልጆቿ ዓይኗ ደከመ ብለው ነበር።

ቀጥሎ ጣቶቿ መጣመም ጀመሩ፤ ደሴ አጠገብ ባለው በቦሩ ሜዳ አካባቢ ደግሞ የተጣመመ ጣት ሌላ ትርጉም አለው። ቦሩ ሜዳ በታሪክ መጽሐፍ የሚነሣው አፄ ዮሐንስ አራተኛ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት በ1870 ዓ.ም የሃይማኖት ጉባኤ የጠሩበት ሜዳ ስለሆነ ነው። ለወሎ ገበሬ ግን ቦሩ ሜዳ ማለት ሆስፒታሉ ነው። በሚሲዮናውያን የሥጋ ደዌ ማከሚያ ሆኖ ተጀመረ፤ ኋላም በቆዳና በዓይን ሕክምና ስሙ ገነነ። ስለዚህ ጣቷ የተጣመመ ሴት ማኅበር ላይ ጽዋ ስትቀበል የሚያዩዋት ዓይኖች አሉ። አክስቴ ራሷ ናት በመጨረሻ «ቁርጡን ልወቅ» ብላ ቦሩ ሜዳ የወጣችው።

እዚያ የተደረገላትን ምርመራ አጠገቧ ተቀምጬ አይቻለሁ። ባለሙያው ቀጭን የናይለን ክር አወጣ። «ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ ስነካዎት ይንገሩኝ» አላት። መዳፏን፣ የጣቶቿን ጫፍ፣ አንድ በአንድ ነካካ። ሁሉንም አወቀች። አንጓዋን በአውራ ጣቱ ጫን ሲላት ደግሞ እጇን መንጭቃ «ኧረ ተው ልጄ!» አለች። ሥጋ ደዌ ነርቭን ስለሚበላ የታማሚው እጅ እሳት ቢነካው አይሰማውም፤ የሩማቶይድ እጅ ግን ከልክ በላይ ይሰማዋል። ሁለቱ የተጣመሙ እጆች የተቃራኒ ታሪክ ውጤት ናቸው።

እዚህ ላይ ለአካባቢው ሐኪሞች የምትከብድ አንዲት ወጥመድ አለች። ሩማቶይድ ፋክተር የሚባለው የደም ምርመራ በሥጋ ደዌም፣ በሳንባ ነቀርሳም፣ ረጅም ጊዜ በቆየ ሌላ ኢንፌክሽንም «አለ» ሊል ይችላል። ሥጋ ደዌ ራሱ ሪአክሽን በሚባለው ድንገተኛ የመቆጣት ጊዜው መገጣጠሚያ አሳብጦ ሩማቶይድ መስሎ ይመጣል። በሌላ በኩል በሽታው እያለባቸው ደማቸው «የለም» የሚል ጥቂት የማይባሉ አሉ። አንዲት ወረቀት ይዞ ወይ መደናገጥ ወይ መረጋጋት እንደማያዋጣ ክሩ ያስተምራል። እጅ መነካት አለበት።

ወደ አጥንቱ ልመለስ። አጥንትን እንደ ድንጋይ ማሰብ ለምዶብናል፤ የሚቀርበው ግን ደሴ ዙሪያ ተዳፋት ላይ ላለ እርከን ነው። እርከን አንዴ ተሠርቶ አይተውም። ጎርፍ አንዱን ጥግ ይንደዋል፣ ገበሬው ደግሞ ይክበዋል። በአጥንት ውስጥም አፍራሽና ገንቢ ሕዋሳት አሉ። አፍራሾቹ ያረጀውን ክፍል በሦስት ሳምንት ገደማ ይቦረቡራሉ፤ ገንቢዎቹ ያንኑ ጉድጓድ ለመሙላት ሦስት አራት ወር ይፈጅባቸዋል። ማፍረስ ፈጣን፣ መሥራት ዘገምተኛ ነው። ሚዛኑ የሚጠበቀው አፍራሾቹ ልጓም ሲኖራቸው ነው። ሴት ልጅ ልጓሙን በአብዛኛው የምታገኘው ከኤስትሮጅን ነው። የወር አበባ ሲቋረጥ ልጓሙ ይላላል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አጥንቷ በየዓመቱ ከመቶ አንድም ሁለትም እጅ እየሳሳ ይሄዳል። ይህ የማንኛዋም እናት ዕጣ ነው።

ሩማቶይድ የሚመጣው በዚህ ላይ ነው። የተቆጣው የመገጣጠሚያ ሽፋን ቲ.ኤን.ኤፍ፣ ኢንተርሉኪን 6 የሚባሉ መልእክተኛ ንጥረ ነገሮችን ይረጫል፤ እነሱም ራንክል የተባለውን፣ አፍራሾቹን ቀስቅሶ የሚያሰማራውን ፕሮቲን ያበዛሉ። በዚያው ልክ ገንቢዎቹን የሚያፍኑ ሌሎች መልእክቶች ይላካሉ። ጎርፉ በዝቶ ገበሬው ታሰረ ማለት ነው። ጉዳቱ መጀመሪያ መገጣጠሚያው ዙሪያ ይታያል፤ ኤክስሬይ ላይ የጣት አጥንት ጫፍ ሳስቶ ጥላ ይመስላል። ቀጥሎ ጠርዙ ይበላል። መልእክቶቹ ግን በደም ስለሚጓዙ ጣት ላይ አይቆሙም፤ ምንም ያላበጠው ዳሌና ምንም ያላመመው አከርካሪ አብረው ይሳሳሉ። አንዳንድ ተመራማሪዎች ከዚህም አልፈው ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የጀርመን ተመራማሪዎች ጥናት የበሽታው መለያ የሆኑት ፀረ እንግዳ አካላት ራሳቸው አፍራሾቹን እንደሚቀሰቅሱ አሳይቷል፤ እውነት ከሆነ አጥንት መሳሳት የሚጀምረው ጣት ከማበጡም በፊት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ውጤቱ በቁጥር ሲታይ፣ እንግሊዝ ውስጥ ከ30 ሺህ በላይ የሩማቶይድ ታማሚዎችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናት የዳሌ ስብራት በሁለት እጥፍ፣ የአከርካሪ ስብራት በ2.4 እጥፍ ከፍ ብሎ አግኝቶታል። ሦስተኛም ምክንያት አለ፤ ያመመው ሰው ይቀመጣል። አጥንት ደግሞ ሸክም ካላገኘ ይሳሳል። ውኃ ስትቀዳ፣ ዳገት ስትወጣ የኖረች ሴት አንድ ክረምት ምድጃ ዳር ከተቀመጠች ያ የዕድሜ ልክ ጥሪት መመናመን ይጀምራል።

አሁን ወደ ክኒኑ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1948 አሜሪካ፣ ማዮ ክሊኒክ ውስጥ ፊሊፕ ሄንች ለአንዲት ከአልጋ መነሣት ላቃታት የ29 ዓመት የሩማቶይድ ታማሚ ኮርቲዞን ሰጣት፤ በቀናት ውስጥ ተራመደች። በ1950 የኖቤል ሽልማት አመጣለት። ያ ተአምር ዛሬም አልደበዘዘም። ፕሬድኒሶሎን የኮርቲዞን የቅርብ ዘመድ ነው፤ ንጋት ላይ የታሰረ እጅ ማግስቱን ይፈታል። አክስቴን አንድ መድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ «ለቁርጥማት ፍቱን» ብሎ ሲሰጣት የሰጣት እሱን ነበር። ስሙን አታውቀውም፤ «ትንሿ ነጭ» ትለዋለች። ስታልቅ ባዶውን ማሸጊያ ይዛ ትሄዳለች፣ ሌላ ይሰጣታል። አራት ዓመት።

የዚያች ትንሽ ነጭ ዋጋ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ፣ እንግሊዝ ውስጥ 244,235 ስቴሮይድ ወሳጆችን ያየ ጥናት፣ በቀን ከ2.5 እስከ 7.5 ሚሊ ግራም የሚወስዱት ላይ የአከርካሪ ስብራት ከሁለት ተኩል እጥፍ በላይ፣ ከ7.5 ጀምሮ ደግሞ አምስት እጥፍ ሆኖ አግኝቶታል። አደጋው የሚጨምረው ዓመታት ጠብቆ አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት እስከ ስድስት ወራት ውስጥ ነው። ስቴሮይድ ገንቢ ሕዋሳትን ይገድላል፣ አንጀት ካልሲየም እንዳይወስድ ያግዳል፣ ጡንቻ ያቀልጣል፤ የቀለጠ ጡንቻ ደግሞ ደሴ ጭቃ ላይ አያቆምም።

እንግዲህ ክኒኑን ወንጅሎ መጨረስ ቀላል ነበር። ግን ሐቁ እንዲያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ግሎሪያ የተባለው የአውሮፓ ጥናት ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ ከሆነ 451 የሩማቶይድ ታማሚዎች ለገሚሶቹ በቀን 5 ሚሊ ግራም ፕሬድኒሶሎን፣ ለገሚሶቹ ባዶ ክኒን ለሁለት ዓመት ሰጥቶ አወዳደረ። ፕሬድኒሶሎን የወሰዱት ሕመማቸውም የመገጣጠሚያ ጉዳታቸውም ቀነሰ። ጎጂ ክስተት የገጠማቸው ግን በ24 በመቶ በዙ፤ አብዛኛው ቀላል ኢንፌክሽን ነበር። ጥቅሙ የሚመጣው ያልታከመ ብግነት ራሱ አጥንት በላ ስለሆነ ነው፤ ክኒኑ በአንድ እጁ እየነጠቀ በሌላው ይመልሳል። ልዩነቱ እነዚያ ሰዎች ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ እየተሰጣቸው፣ ሐኪም እየተከታተላቸው፣ አብዛኞቹም ሌላ የሩማቶይድ መድኃኒት ጎን ለጎን እየወሰዱ መሆናቸው ነው። አክስቴ ከዚህ ሁሉ የደረሳት ክኒኑ ብቻ ነበር። በስማ በለው ፈርቶ በአንድ ቀን ማቆምም መፍትሔ አይሆንም፤ ወራት ስቴሮይድ የወሰደ ሰውነት የራሱን ማምረት ስለሚረሳ ድንገት ሲቋረጥበት ሊወድቅ ይችላል።

የሚገርመኝ ይህ ነው። ፕሬድኒሶሎንን በሥርዓት መስጠት ለቦሩ ሜዳ አዲስ ትምህርት አይደለም። የሥጋ ደዌ ሪአክሽን ነርቭ እንዳይገድል የሚሰጠው እሱው ፕሬድኒሶሎን ነው። ለረጅም ጊዜ የተለመደው የዓለም ጤና ድርጅት አሰጣጥ በቀን ከ40 ሚሊ ግራም ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ እየተቀነሰ በ12 ሳምንት የሚያልቅ ነበር፤ ሲጀመር ስኳር ይለካል፣ ሳል ይጠየቃል፣ የሆድ ትል ይታከማል፣ ቀኑ በካርድ ይጻፋል። መነሻው የታወቀ፣ መድረሻውም የታወቀ ነው። በኮቪድ ጊዜም ሆስፒታሉ የሕክምና ማዕከል ሆኖ ሲያገለግል የስቴሮይድ ጥቅም በዓለም ሁሉ ሲነገር ነበር። ለአንዱ በሽታ ካርድ ያለው መድኃኒት ለሌላው በፌስታል የሚዞርበት ምክንያት ለእኔ አልገባኝም። ካርዱ ላይ ሦስት መስመር ቢጨመር፣ ማለትም ቁመት፣ የወር አበባ የተቋረጠበት ዓመት፣ «ከዚህ በፊት ተሰብረው ያውቃሉ?» የሚል ጥያቄ፣ የወረቀቱ ወጪ ካሁኑ አይበልጥም።

የአጥንት መለኪያ ማሽን የለም የሚል መልስ ይመጣል። ዴክሳ የሚባለው መሣሪያ በየዞኑ የሚገኝ አይደለም፤ እውነት ነው። ግን ሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ፍራክስ የተባለው የስብራት ማስያ ያለ ማሽንም ይሠራል፤ ዕድሜ፣ ክብደት፣ ቁመት፣ የቀድሞ ስብራት፣ የወላጅ ዳሌ መሰበር ይጠይቃል። ሩማቶይድ ራሱን ችሎ ተጠይቋል፤ ለሦስት ወር በቀን 5 ሚሊ ግራም ፕሬድኒሶሎን መውሰድም እንዲሁ። ሁለቱንም «አዎ» የምትል የስልሳ ዓመት ሴት ፊት ለፊት የተቀመጠ ሐኪም ማሽን እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም።

ስለ ምግብና ፀሐይ ብዙ ስለሚባል አልደግመውም። ጤፍ ካልሲየሙ ከአብዛኛው እህል የተሻለ መሆኑ መልካም ነው፤ ጾም የምታበዛ እናት ወተት ከዓመቱ ግማሽ በላይ እንደማትቀምስም መታሰብ አለበት። ፀሐይ ሞልቶልናል የሚለው መጽናኛ ግን ይመርመር። አዳማ ውስጥ በትምህርት ቤት ልጆች ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት ከአሥሩ አራቱ ቫይታሚን ዲ አንሷቸው ተገኝተዋል፤ ከተሜዎቹ ይብሳሉ። አዳማ ላይ ልጅ ካነሰው፣ በደሴው ጦሳ ተራራ ብርድ ጋቢ ተከናንባ ቤት የምትውል አሮጊት አያንሳትም ብዬ አልምልም።

ዋናው የሩማቶይድ መድኃኒት ሜቶትሬክሴት ነው። ለሩማቶይድ በሰፊው መሰጠት የጀመረው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው፤ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ለመገጣጠሚያ በሽታ ተመዝግቧል። ብግነቱን ከሥሩ ስለሚያበርድ ስቴሮይዱን ቀስ በቀስ ለመቀነስ ያስችላል፤ ስለዚህ የአጥንትም መድኃኒት ነው እላለሁ። አንድ አደገኛ ጠባይ አለው፤ የሚወሰደው በሳምንት አንዴ ብቻ ነው። በስህተት በየቀኑ የዋጠው ሰው መቅኔው ደም ማምረት ሊያቆም፣ ሊሞትም ይችላል። ማንበብ ለማትችል እናት «በሳምንት አንዴ» ብሎ ሳጥን ላይ መጻፍ ምንም ማለት አይደለም። ለአክስቴ የሠራው ቃል ሌላ ነበር። «የሰኞ ገበያ ዕለት» ተባለች፤ ደሴ ተወልዶ ሰኞ ገበያን የሚረሳ የለም። የአጥንት ማጠንከሪያው አሌንድሮኔትም ሳምንታዊ ነው፤ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ብርጭቆ ውኃ፣ ከዚያም ግማሽ ሰዓት ሳይተኙና ምንም ሳይቀምሱ። ለወሎ ሴት ከባዱ ክኒኑን መዋጥ ሳይሆን አቦሉን ግማሽ ሰዓት ማዘግየት ነው። ለእሱ ሐሙስን መረጠች።

የዘገየው ነገር ያስቆጫል እንጂ አያስገርምም። በ1990 (እ.ኤ.አ.) የአንድ ኢትዮጵያዊ አማካይ የዕድሜ ተስፋ 47 ዓመት አካባቢ ነበር፤ ዛሬ ከ65 አልፏል። ጤና ጣቢያዎቻችን የተሠሩት ለወሊድ፣ ለወባ፣ ለክትባት ነው፤ ሥራቸውንም ሠርተዋል። በእነሱ ድካም ስልሳና ሰባ የደረሱት ሴቶች አሁን ሌላ ጥያቄ ይዘው ደጃቸው ቆመዋል። የመገጣጠሚያ ስፔሻሊስት በአገሪቱ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ የተጎዳ አከርካሪ ይዞ በአውቶቡስ። የቦሩ ሜዳ ጎረቤት ተሁለደሬ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም በሙከራ ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዱ ነበር፤ መድኑ ግን የሚከፍለው ለተገኘ መድኃኒት ነው። ከመደርደሪያው የጠፋውን ቤተሰብ በኪሱ ይፈልገዋል፤ ሲፈልግ ደግሞ ርካሿንና በየበሩ የማትጠፋውን ትንሿን ነጭ ያገኛታል። በ2014 ዓ.ም የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ የጤና ተቋማት ተዘርፈው የዕለት መድኃኒት የሚወስድ ሕመምተኛ ሁሉ ባዶ እጁን ቀርቶ ነበር። ከዚያ ወዲህም አማራ ክልል ውስጥ በሚቀጥለው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ያው ይደገማል።

ባለፈው ወር ልጠይቃት ሄጄ አክንባሎውን በሁለት እጇ ስታነሣ አየኋት። አንጓዋ ላይ ያለው እብጠት ጎድሏል። ጀርባዋ አልተቃናም፤ የተደፈጠጠ አከርካሪ አይመለስም። ቀሚሱ ግን እንደታጠፈ ነው። በረካው ሲቀዳ ሳጥኑን ከሙዳይ አውጥታ አሳየችኝ፤ ሦስት ክኒን ቀርቷታል።

«የዛሬ ሳምንት ገበያው አልቆመም ነበር» አለችኝ። «ተኩስ ነበር። ሰው አልወጣም።»

«ታዲያ ዋጥሽው እትዬ?»

«ዋጥሁት እንጂ። ገበያው ባይቆምም ሰኞ ሰኞ ነው። ይኼ ሲያልቅ የሚያመጣው መኪና ግን ይቆም ይሆን አይቆም፣ እሱን ማን ይንገረኝ?»